ተኩስ አቁም

ቅዳሜ በሳን ፔድሮ፤ ከባሕሩ የሚመጣ ወበቅ
ግድግዳ ያስለቅሳል፤ ውሻው እንኳ ይሄዳል ከጋሪ ሥር ሊደበቅ።
እኔ ቤት ግን ይብሳል፤ አራት ካስክ፣ ሦስት ፎን፣
በር ላይ የተደረደሩ ሴቶች፣ የሚጠባበቁ ተራቸውን።
ስሜ ኦዳሊስ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
ጠጉር ስተኩስ ኖሬያለሁ፤ «እጇ ወርቅ ነው» ይላሉ ሁሉ።

ስተኩስ። ሌላ ቃል የለውም፤
ዒላማ አለው፣ ጭስ አለው፣ የቆሰለውን ግን ማንም አይቆጥረውም።

የሙሽሮች ጠጉር በእጄ አለፈ፣ የነርሶች፣ የመምህራን፣
ባሏን ቀብራ የመጣች፣ «ዛሬስ አምሬ ልታይ» ያለች፣ ማን ቀረ፣ ማን?
የራሴን አትጠይቁኝ፤ ከሻሽ ሥር ነው ያለ፣
እንደ ደረቀ የሸንኮራ ቅጠል በነኩት ቁጥር የሚሰበር፣
መሐሉ የሳሳ፣ ጫፉ የተከፈለ።

ከሰዓት በኋላ ያኒሪስ መጣች፣ ልጇን እየጎተተች፤
ሚሌይዲ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፤ ሁለት ትራስ ደርቤላት ተቀመጠች።
«ሰኞ ትምህርት ቤት ፎቶ አላት፤ ዝም ብለሽ አስተኚልኝ፣
ይህን የበግ ጠጉር አንድ ነገር አድርጊልኝ።»
ጠቢብ ነኝ ባይ እጄ ጀመረ፤ ክፍል በክፍል፣ ከማጅራት፤
ልጅቷ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈነች፤ ለካስ ያለፈው ጊዜ ጠባሳ ትቶባት።
ያኔ የተኮሳት ማን ነበር? እኔ ነኝ።
አየሁት፤ ግን ፔስትራው ግሏል፣ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው፣
ቀጠልኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ግማሽ ራሷን እንደጨረስኩ መብራት ሄደ፤ ድርግም።
ካስኩ ዝም፣ ፎኑ ዝም፣ ሬዲዮው ከነቤዝቦሉ ዝም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ያልሰማሁትን ሰማሁ፤ ሴቶች ሲተነፍሱ፣
በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ርግቦች ሲመላለሱ።

ሚሌይዲ መስታወቱን አየች፤ በቀኝ ሐር፣ በግራ ደመና፤
ሳቀች። እናቷ ግን፦
«እንዲህ ለሁለት ተከፍላ ላውጣት እንዴ? እንዴት ሆና!»
«ላጥበው» አልኳት፤ «ውሃ ሲነካው ይመለሳል፣
እንደ ነበረ ይጠቀለላል።»
ባልዲ ውስጥ ጣሳ ነከርኩ፤ በቀስታ አፈሰስኩ፤
ግራው ጠጣ፣ ተጠማዘዘ፣ እንደ ሐረግ ተነሣ፤
ቀኙን ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ።
ውሃው በላዩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወረደ፤
አልነቃም። የሞተ ነገር ነበር፤
ያለ ድምፅ፣ በኔ እጅ፣ ባለፉት ቅዳሜዎች የነደደ።

ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ወይም ከማወቅ መሸሼን ያቆምኩት፤
የተቃጠለ አይጠገንም፤ ሐሰት ነው ያ በየብልቃጡ የሸጥኩት።
ያለው መንገድ መቀስ ነው፤ ከዚያ ትዕግሥት፤
በወር የጥፍር ስፋት።
ያኒሪስ ዝም አለች፤ የራሷን ጫፍ በጣቷ ዳበሰች፤
ሁለት ዘለላ መዳፏ ላይ ቀሩ።
«ቁረጪው» አለች።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፤ የጓሮዬን እሬት እንልጣለን፣
አቮካዶ እንፈጫለን፤ ግማሹን ልጅቷ በጨው ትበላዋለች፤ አብረን እንስቃለን።
ጥርሰ ሰፊ ማበጠሪያ፣ እርጥብ ሳለ፣ ከጫፍ ወደ ሥር፤
ማታ የሳቲን ጨርቅ፤ ማድረቂያው ነፋስ ብቻ፣ ደጃፍ ላይ፣ በወንበር።

እኔም ሻሼን ፈታሁ፤ ተላጨሁ ማለት ይቻላል፤
ዓሣ ሻጩ ቢላውን አስቀምጦ «ማን ሞተብሽ?» ይለኛል።
«ሠላሳ አንድ ዓመት» እለዋለሁ።
አይገባውም። አንድ ዓሣ ይመርቅልኛል።

ፔስትራውን አልጣልኩትም፤ የቤት ኪራይ አለ፤ እኔም ጻድቅ አይደለሁም፤
አርብ አርብ ደንበኛ «ተኩሺኝ» ካለች እተኩሳለሁ፤ እጄ ግን እንደ ድሮው አይደፍርም።
ተኩስ አቁም ነው እንጂ ይህ፣ ሰላም ገና አልተፈረመም።
መብራት ሲጠፋ ብቻ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲራገም፣
እኔ ሻማ አልፈልግም።